የእሜቴ ክብደት

ሰኞ 2

ደንቡ ተፈረመ! ከዛሬ ጀምሮ በሰርከስ ውስጥ የዱር እንስሳ ማሠራት ክልክል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ረቂቁን ታቅፌ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተትኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ ዘጠኝን፣ ማለትም የብረት ቤቱን ስፋትና የመኝታውን ከፍታ የሚወስነውን፣ ከነነጠላ ሰረዙ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አለቃችን ማኅተም (ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ማኅተሙን ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ከኪሱ አያወጣም) በሰው ፊት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

የመጀመሪያው ሥራ ከከተማችን ሰርከስ ሦስት እንስሳት መረከብ ነው። አንዲት ድብ፣ ሁለት አንበሶች። ድቧ ረቡዕ 18 ትነሣለች፤ አንበሶቹ በሁለት ሳምንታቸው ይከተላሉ። ወደ መንግሥት ማቆያ ይገባሉ፤ እዚያ ዛፍ አለ፣ ውኃ አለ፣ ጭብጨባ የለም።

ለባለቤቴ ስነግራት "ጎሽ! ድቧንስ ጠየቃችኋት?" አለችኝ። የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ ቀልዷም እንደ መርፌዋ ነው። ሳቅሁ። ዛሬ ማንም ሊያበሳጨኝ አይችልም።

ረቡዕ 4

አዲሷ የእንስሳት ሐኪም ዛሬ መጣች። ገና ልጅ ናት፤ እስክሪብቶዋን በፀጉሯ ሰክታ ትሄዳለች። እንስሳቱን አደንዝዛ የምታነሣው እሷ ናት። የሦስቱን ፋይል ወሰደችና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች።

"ጋሼ፣ የድቧ ክብደት አራት ዓመት ሙሉ ሁለት መቶ አስር ነው?"

"ነው።"

"አንድ ኪሎ እንኳ ሳይወጣ ሳይወርድ?"

"ቀለቧ አንድ ዓይነት ነው፤ ሥራዋም አንድ ዓይነት ነው፤ ለምን ይዋዥቃል?" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ጠንቃቃ ናት። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚያስፈልገን። አርባ አንድ ፋይል ብቻዬን የምይዝ ሰው መሆኔን ግን ገና አልተረዳችም። ጊዜ ያስተምራታል።

ሰኞ 9

ስብሰባ። ስብሰባ። የማጓጓዣው ሳጥን ጠባብ ነው ተብሎ ተመለሰ። ማኅተም የስምንት ማቆያዎችን ዓመታዊ ሪፖርት ለነገ ይፈልጋል። "የአምናውን አውርደው፣ ቀኑን ቀይር፣ አለቀ" አለኝ። እንደሁልጊዜው ነው። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ 13

ሰርከሱ ጋ ሄድኩ፤ የርክክቡን ደብዳቤ ለማድረስ። ድንኳኑ ግማሹ ፈርሷል፤ ወንበሮቹ ተደራርበው ዝናብ ይመታቸዋል። አሠልጣኙን ሁሉም ጋሽ ጢሞ ነው የሚላቸው፤ ጢማቸው ሁለት ጉንጭ ሞልቶ ይተርፋል። ደብዳቤውን ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እጄን ይዘው ወደ ድቧ ወሰዱኝ። እሜቴ ነው የሚሏት። ድንኳን ውስጥ ስትገባ እንደ ትልቅ ሰው ሚስት ቀስ ብላ፣ ግራ ቀኝ እያየች ስለምትገባ ነው አሉ።

ተሽከርካሪው ቤቷ ውስጥ ጨለማ ነው። ተኝታለች። ጭንቅላቷን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ታወዛውዛለች፤ ማንም ባያያትም፣ ሙዚቃ ባይኖርም።

"ከስታለች። አይዩአትም?" አሉኝ።

"ፀጉሯ ጥሩ ነው" አልኳቸው።

"ፀጉር ምን ያደርጋል? ትርዒት ከቆመ ወዲህ የምንሰጣት ግማሹን ነው። ከዚያ በፊትም ስትበላ አልነበረም። ከመውሰዳችሁ በፊት ይመዝኑልኝ። እባክዎ።"

የመኪና ሚዛን ያለው የጠጠር መጋዘኑ ጋ ነው፤ ከተማውን አቋርጦ። ከነቤቷ መጎተት፣ ባዶውን ቤት ደግሞ ለብቻው መመዘን፣ ከዚያ መቀነስ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ርክክቡን ለማዘግየት የማይፈጥሩት ምክንያት የለም። "ክብደቷ መዝገብ ላይ አለ" አልኳቸው።

 ከዚያ በፍርግርጉ መሐል እጃቸውን አስገቡና የላይኛውን ከንፈሯን ገለጥ አደረጉት።  የፊት ጥርስ የላትም። አንድም! ድዷ እንደ ሽማግሌ ድድ ልሙጥ ነው።

"ማን ነው ያወለቀው?"

"እኔ ሳልመጣ፣ ገና ግልገል ሳለች። ሰው እንዳትነክስ። እርስዎ አያውቁም እንዴ? በየዓመቱ ጤናዋን ይጽፉ የለም?"

ቢሮ ተመልሼ ፋይሏን ገለጥኩ። ጥርስ፦ ጤናማ። ጥርስ፦ ጤናማ። ጥርስ፦ ጤናማ። ጥርስ፦ ጤናማ። አራቱም የእኔ ፊርማ ነው። ይህን ሕዝብ ቢያይ ምን ይላል? እንዲህ ያሉ ሰዎች እንስሳ እንዳይነኩ ነው እኮ ደንቡን የጻፍነው! ፋይሉን ዘጋሁት። ከረቡዕ በኋላ ሐኪም ያያታል፤ ለስላሳ ምግብ ይሰጣታል።

ረቡዕ 18

ሞተች።

ሦስት ሰዓት ከሩብ። መኪናው ሳይንቀሳቀስ። መጻፍ አልችልም።

ሐሙስ 19

ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከደንኩም፤ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምጽፈው። በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ሪፖርት ይጠየቃል።

ዶክተሯ መድኃኒቱን ከመቅዳቷ በፊት ደወለችልኝ። እኔ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ። "ጋሼ፣ ሰውየው ከስታለች እያሉ ነው። በሁለት መቶ አስር ልሥራው?" አለች። "አትስሚያቸው፤ ቀን ለማራዘም ነው። ራሴ ነኝ የመዘንኳት" አልኳት። ውሸት አይደለም። ራሴ ነኝ የመዘንኳት።

ስደርስ መርፌው ተወግቷል። እሜቴ ጭንቅላቷን ማወዛወዝ አቁማለች። "አየህ፣ ተረጋጋች" አልኩት ሾፌሩን። ከዚያ ዶክተሯ ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ፣ "ትንፋሽ የለም! ትንፋሽ የለም!" ብላ ጮኸች። የማርከሻውን መድኃኒት ወጋቻት። በሁለት እጇ፣ በጉልበቷ፣ በመላ ሰውነቷ ደረቷን ተጫነችው። ጋሽ ጢሞ መሬት ቁጭ ብለው የእሜቴን መዳፍ ይዘው "እሜቴ፣ እሜቴ፣ ተነሽ እንጂ" ይላሉ። እኔ የርክክብ ወረቀቴን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። አንዲት እርምጃ እንኳ አልሄድኩም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሬሳዋን ለመጫን ስምንት ወዛደር ነበር የተዘጋጀው። አራቱ አነሧት። አንደኛው፣ "ኧረ ይቺማ ቀላል ናት!" አለ። እየሳቀ ነው ያለው። ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሪፖርቱ ላይ ይህን መጻፍ አስፈላጊ አይደለም።

ዓርብ 20

ማቆያው ሬሳዋን መዝኗል። መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ።

መቶ ሠላሳ አንድ! ስልኩን የያዘችውን ጸሐፊ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። በመጨረሻ ተቆጣችኝ።

ማኅተም ቢሮ ገባሁ። ስነግረው አልደነገጠም። "እንስሳ ሲሞት ውኃው ይወጣል፣ ይቀላል" አለኝ። ሰባ ዘጠኝ ኪሎ ውኃ? "መዝገቡ ትክክል ነው፤ መጠኑን ያዛነፈችው ልጅቷ ናት" ብሎ የእገዳ ደብዳቤዋ ላይ ማኅተሙን ጠቅ አደረገ። የሙያ ፈቃዷ አብሮ ታግዷል፤ ሰኞ 30 ለአጣሪ ኮሚቴ ትቀርባለች። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወጣሁ።

እሁድ 22

ቁርስ ላይ ባለቤቴን ድንገት ጠየቅኳት። "ሕፃን ሳትመዝኚ መድኃኒት ትሰጫለሽ?"

"ምን?"

"ማለቴ፣ ካርዱ ላይ የቀድሞው ክብደት ካለ..."

"ሳልመዝን? አብጃለሁ እንዴ? ካርዱ ያለፈውን ነው የሚነግረኝ፤ የምወጋው ዛሬ የመጣውን ልጅ ነው።" ዳቦውን መቁረጥ አቆመች። "ምነው? ማን ሳይመዝን ሰጠ?"

"ማንም። እንዲሁ ነው።"

 እኔ ሻዬን አማሰልኩ፤ ስኳር እንኳ አልጨመርኩበትም። 

ማክሰኞ 24

ዶክተሯ ቢሮዬ መጣች። ዕቃዋን ልትወስድ ነው። እስክሪብቶዋ ፀጉሯ ላይ የለም።

"ጋሼ፣ ስሌቱን መቶ ጊዜ ደግሜ ሠራሁት። ስሌቱ ልክ ነው። ልብ ድካም ይኖርባት ይሆን? እርስዎ ብዙ ዓመት ያውቋታል።"

ሊሆን ይችላል አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሊሆን ይችላል! ስትወጣ ደግሞ "አይዞሽ" አልኳት። እሷም "እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ተነሥቼ ልጠራት ነበር፤ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ስንት ዓመት ተምራ ነው እዚህ የደረሰችው?

ዓርብ 27

ዛሬ የአንበሶቹን የጉዞ ወረቀት እንዳረጋግጥ ተላከልኝ። ረቡዕ 2 ይነሣሉ። የሚያደነዝዛቸው ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ሽማግሌ ሐኪም ነው። የመድኃኒቱ መጠን ከወዲሁ ተሰልቶ ተቀምጧል። ወንዱ መቶ ዘጠና፣ ሴቷ መቶ ሠላሳ አምስት። ከፋይሉ የተወሰደ። ከእኔ ፋይል።

 ከእሜቴ በኋላ አንድ ሰው እንኳ "እስቲ እንመዝናቸው" አላለም! አንድ ሰው! እኔስ? እኔም አላልኩም።

እንግዲህ ልጻፈው፤ ደብተሬን የማታለልበት ምክንያት የለም። ሦስቱንም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመዘንኳቸው፤ የዛሬ አራት ዓመት፣ ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን። በሚቀጥለው ዓመት ሰርከሱ ከተማ ዳር ሰፍሮ ነበር፤ መንገዱም ጭቃ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ አርባ አንድ ነው። የአምናውን አወረድኩት። እኛ ቢሮ ማውረድ ነው የሚባለው፤ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ወደ ታችኛው ረድፍ መገልበጥ። ማንም እንደ ማታለል አይቆጥረውም። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ፊርማ የት እንደሚያርፍ ባሳየነው ቀን እናስተምረዋለን፤ እኔም እንደዚያው ነው የተማርኩት። ከዚያ ሦስት ዓመት አወረድኩ። ጥርሱንም አወረድኩ። የመጀመሪያውን ዓመት ጥርስ እንኳ፣ አፏን ሳላስከፍት፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ከጻፈው ነው ያወረድኩት።

ማኅተም ጋ ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት። በሩን ዘጋው።

"ጤነኛ ነህ? የአንተን ከነካህ የሁላችንም ይነካል። የሁሉም ማቆያ ፈቃድ የቆመው በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ነው። ልጅቷ ገና ወጣት ናት፤ ሌላ ሥራ ታገኛለች። አንተ ቤተሰብ አለህ።"

"አንበሶቹስ?"

"አንበሳ ጠንካራ ነው" አለኝ።

ማታ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ኮቴን ቁልፍ ትተክልልኛለች። አንገቷን ሳታቀና፣ "የዚያን ቀን የጠየቅከኝ ስለ እኔ ሥራ አልነበረም" አለች። ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና፣ "ስልኩ ላይ ራሴ ነኝ የመዘንኳት አልካት?" አለች። አዎ አልኳት። "እንግዲህ ሰኞ ምን እንደምትል ታውቃለህ" ብላ ተነሣች። አልጋ ውስጥ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሰኞ 30

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢዋ መነጽሯን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። ዶክተሯ ቆማ መለሰች።  ክብደቱን ከየት አመጣሽው ሲሏት "ከመዝገቡ" አለች፤ ስልኩን አላነሣችም። ስሜን አልጠራችም! ለምን አትጠራኝም ብዬ በውስጤ ጮኽኩ። ብትጠራኝ ኖሮ ምናልባት እክድ ነበር፤ ስለራሴ ይህን ያህል አውቃለሁ።

ማኅተም "መዝገቡ በየዓመቱ የሚረጋገጥ ነው" አለ። ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረች፣ ለሥርዓቱ ያህል። "እርስዎ ያረጋግጣሉ?"

"አላረጋግጥም" አልኩ።

የማኅተም እግር ከጠረጴዛው ሥር እግሬን አገኘው። ቀጠልኩ። አንድ ጊዜ መዝኜ ሦስት ጊዜ እንደገለበጥኩ፣ አሠልጣኙ መዝኑልኝ ሲሉኝ እንቢ እንዳልኩ፣ ዶክተሯ ስትደውልልኝ አትስሚያቸው እንዳልኳት። ቃላቱ ተራ ቃላት ነበሩ። እኔ መብረቅ የሚወርድ መስሎኝ ነበር፤ የሆነው ሰብሳቢዋ መነጽሯን ማውለቋ ብቻ ነው።

"ይህ የእርስዎ ስህተት ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ ልማድ?"

ማኅተም "ክብርት ሰብሳቢ፣ ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ባይገባ..." አለ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ጥጉ ላይ የተቀመጠ ዝምተኛ ሰው ነው። ቀና እንኳ ሳይል "ገብቷል" አለ።

"ልማድ ነው" አልኩ። "አርባ አንዱም ፋይል። የአንበሶቹም።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ጫጫታ ነው። የአንበሶቹ ጉዞ ቆሞ መጀመሪያ እንዲመዘኑ ታዘዘ። ኮሪደር ላይ ዶክተሯን አገኘኋት። ምን እንደጠበቅኩ እንጃ። ምስጋና ነበር መሰለኝ፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

"ጋሼ፣ ደግ አደረጉ እንድልዎት ነው የቆሙት?" አለችኝ። "መድኃኒቱን ከመቅዳቴ በፊት እጄ ፀጉሯ ውስጥ ገብቶ ነበር። አጥንቷን ነካሁት፤ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከስታለች አልኩ በልቤ። ደወልኩልዎት። ከዚያ ወረቀቱን አየሁት፣ ማኅተም አለበት። በእጄ የነካሁትን ትቼ በእርስዎ ወረቀት ወጋኋት። የእርስዎ ተነገረ፣ ቀለለዎት። የኔን እጅ ምን ላድርገው?"

 እስክትወርድ ድረስ ደረጃው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

ማክሰኞ 1

ሁለት ደብዳቤ። የዶክተሯ እገዳ ተነሣ፤ ግልባጩ ለእኔም ደረሰኝ። እኔ ከቁጥጥር ሥራ ተነሥቻለሁ፤ የዲሲፕሊን ክስ ይከተላል። የነገው ሚዛን የመጨረሻዬ ነው። ባለቤቴ ሁለቱንም አነበበችና የዶክተሯን ደብዳቤ እላይ አድርጋ መለሰችልኝ።

ረቡዕ 2

ጠጠር መጋዘኑ ጋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ደረስን። ጋሽ ጢሞ ሰላም አላሉኝም፤ የአንበሶቹን ሁለት ቤቶች ግን ከወዛደሮቹ ጋር ገፉ። ባዶ ቤቶቹን ትናንት አንድ በአንድ መዝነናል። አንበሳው አልጮኸም፤ ጥጉ ላይ ተጋድሞ ሚዛኑ ሲንቀጠቀጥ እንኳ ጆሮውን አላቆመም።

ሚዛን ጠባቂው ቁጥሩን ጮኾ ተናገረ። ቀነስኩ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሽማግሌው ሐኪም እንዲቀንስ ሰጠሁት። መቶ አሥራ ስምንት። መዝገቤ ላይ መቶ ዘጠና ነው። ሴቷ ዘጠና ሁለት።

ሐኪሙ ሳጥኑን ከፍቶ ለመቶ ዘጠና ኪሎ የተዘጋጀውን ስሪንጅ አወጣ። ብርሃን ላይ አድርጎ አየው፣ እኔን አየኝ፣ መድኃኒቱን መሬት ላይ አፈሰሰው። እኔም የሚዛኑ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰኞ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ሁለቱም ሞተዋል።

በትክክለኛው መጠን ተወጉ። አራት ሰዓት ላይ ማቆያው ደርሰው ነቁ። ወንዱ ሣሩን ሲረግጥ እግሩን ደጋግሞ እያነሣ ነበር፤ ሣር አያውቅም አሉኝ ጋሽ ጢሞ። የተናገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው።

ቁጥሮቹን አዲስ ረድፍ ላይ ጽፌ በምስክርነት እንዲፈርሙ ሰጠኋቸው። አልፈረሙም። ፋይሉን ወደ ኋላ ገለጡና የእሜቴን ገጽ አገኙት። ሁለት መቶ አስር፣ ሁለት መቶ አስር፣ ሁለት መቶ አስር፣ ሁለት መቶ አስር። ጣታቸውን አሳረፉበት።

"ይሄንስ?" አሉኝ።

እስክሪብቶ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ተውኩት፤ እሱ እውነት ነው። የታችኞቹን ሦስቱን ሰረዝኳቸው። በእያንዳንዱ አጠገብ እውነተኛው ቁጥር መግባት አለበት፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል።

"ጋሼ፣ አምና ስንት ኪሎ ትሆን ነበር? ካቻምናስ? በግምት እንኳ ይንገሩኝ።"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አሉ ጋሽ ጢሞ። "መዛኙ እርስዎ ነበሩ።"

ለአንበሶቹ ፈረሙልኝና ሄዱ። ሦስቱን ረድፍ ባዶ ትቼ ፋይሉን አስረከብኩ።